ከየጎፍ እስከ አቡነ ዮሴፍ፦ ወሎን በእግር ማቋረጥ

የወሎን ደጋ ከደቡብ ወደ ሰሜን በእግሩ ለማቋረጥ ለሚያስብ ሰው የካርታ ርቀት ብዙም አይጠቅመውም። ኮምቦልቻና ላሊበላ በወፍ በረር ቢለኩ የሚራራቁት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በመካከላቸው ያለው አገር በሸለቆ የተተለተለ ስለሆነ፣ ማለዳ ከገደል አፋፍ ሆነው ጭሱ ሲወጣ ያዩት መንደር፣ ቀኑን ሙሉ ሲወርዱና ሲወጡ ውለው ሲያመሹም ገና ከማዶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጉዞ ላይ የሚቆጠረው ቁልቁለቱና አቀበቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሽሎና ዥጣ የተባሉት ሁለቱ ወንዞች ናቸው። ወቅቱ፣ ስንቁ፣ የማደሪያው ሰፈር፣ የበቅሎው ኪራይ ሳይቀር በእነርሱ መሰላት አለበት፤ መንገዱን በተለያዩ ዓመታት በየቁራጩ ከሄድሁበት በኋላ የደረስሁበት ሐሳብ ይህ ነው።

መንገዱ እስካሁን ስም አልወጣለትም፣ ምልክትም የለውም። በሌላው ዓለም እንዲህ ዓይነቱ ነገር በዕቅድ ይሠራል። በአሜሪካ ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው የአፓላቺያን የእግር መንገድ፣ ቤንተን ማካይ የተባለ የደን ባለሙያ በ1921 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ካቀረበ በኋላ በ1937 እ.ኤ.አ. ከዳር እስከ ዳር ተያይዟል፤ ዛሬም ድረስ በአብዛኛው የሚጠግኑት በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ ተጓዡም ዛፍና ድንጋይ ላይ የተቀባውን ነጭ ቀለም እየተከተለ ይሄዳል። ወሎ ውስጥ ግን መንገዱ አስቀድሞ አለ። የግሸን ተሳላሚ፣ ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚጎርፈው ምእመን፣ በገበያ ቀን አህያውን ጭኖ ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣው ገበሬ በየፊናቸው ረግጠው ያወጡት ነው፤ የጎደለው እነዚህን ቁርጥራጮች ጫፍና ጫፋቸውን አገናኝቶ የሚሄድባቸው ሰው ብቻ ነው። አንድ ቀን በይፋ ይከፈት ቢባል እንኳ ቀለም መቀባቱን አልደግፍም። እረኛ በየኮረብታው ተቀምጦ ከሩቅ እየጮኸ አቅጣጫ በሚያሳይበት አገር ምልክቱ ትርፍ ከመሆኑም በላይ፣ መንገደኛው ከሰው ጋር የሚነጋገርበትን ምክንያት ያሳጣዋል።

ከኮምቦልቻ መነሣትን የምመርጠው ሰውነት ከፍታውን ቀስ በቀስ እንዲለምድ ነው። ከተማዋ በ1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ የጉዞው ማብቂያ የሆነው አቡነ ዮሴፍ ግን ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከላሊበላ ጀምረው ወደ ደቡብ የሚመጡ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ራስ ምታት የሚይዛቸው ያለምክንያት አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ከከተማዋ በላይ ያለው የየጎፍ ደን ነው። በወሎ ደጋ የጥንቱ ደን ሽራፊ የሚገኘው ወይ እንደ የጎፍ በመንግሥት በተከለለ ተራራ ላይ፣ ወይ በቤተ ክርስቲያን አጸድ፣ ወይም በታላላቅ ሼሆች መቃብር ዙሪያ ነው፤ በቀረው ቦታ ሁሉ ከሩቅ ደን መስሎ የሚታየው በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። የጎፍ ላይ ጽድና ወይራ ውስጥ ለውስጥ መሄድ ይቻላል። የጽዱ ቅርፊት በቁመቱ እየተላጠ እንደ ክር ይንጠለጠላል፣ ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁርና እርጥብ ነው፣ ከወይራውም ቅርንጫፍ እንደ ሽበት ያለ የዛፍ ጺም ይወርዳል። ከባሕር ዛፍ ሥር ለሄደ ሰው ልዩነቱ በመጀመሪያ የሚሰማው በእግሩ ነው፤ እዚያ መሬቱ ደረቅና ቅጠል ያንኮሻኮሸበት ሲሆን እዚህ ግን ይረግባል።

ደሴን ቶሎ አልፋታለሁ። በጦሳ ተራራ ግርጌ በብርድና በጉም ውስጥ የምትኖር ከተማ ናት፣ ስንቅ ለመያዝም ከዚህ የተሻለ ቦታ በመንገዱ ላይ የለም፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ትንሽ ጨውና ሚጥሚጣ። በተለይ በሶ በወንዝ ሸለቆ ውስጥ እሳት ሳያነዱ በውሃ በጥብጠው የሚጠጡት ስለሆነ ክብደቱን ያህል ይጠቅማል። ከጦሳ ጫፍ አዝዋ ገደልን ያልተመለከተ ሰው ግን ስለሚጠብቀው መንገድ ገና ምንም አላየም ማለት ይቻላል።

ከደሴ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲያዘነብሉ የሐይቆቹ አገር ይጀምራል። አርዲቦ «ሐይቅ» ከተባለው ሐይቅ በላይ፣ በኮረብታዎች መካከል ተቀምጧል፤ ከእርሱ የሚወጣው ጅረት እየወረደ ወደ ታችኛው ሐይቅ ይገባል፣ ታችኛው ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከአርዲቦ ወደ ሐይቅ በእግር የሚወርድ ሰው እንግዲህ ከውሃው ጋር አብሮ ነው የሚሄደው፤ በግራና በቀኝ በመስኖ የሚለማ ጓሮ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ቡና፣ ጌሾ ያያል። አርዲቦን ከታችኛው ሐይቅ አስበልጬ የምወደው ጸጥታው ነው። ጠዋት ውሃው ላይ ጉም ተኝቶ ሳለ የውሃ ወፎቹ ድምፅ ይሰማል እንጂ ራሳቸው አይታዩም፤ ፀሐይ ስትጠነክር ጉሙ ከዳር ወደ መሐል እየተሰበሰበ ይነሣል፣ ሴቶችም ጀሪካን ይዘው ይወርዳሉ።

ታችኛው ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሰፊ ውሃ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ በደሴት ላይ ነበር፤ የሐይቁ ውሃ በመሸሹ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል፣ ምንም እንኳ ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች ባይገቡም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ይህ ገዳም የብዙ መነኮሳት መፍለቂያ ሆኖ፣ ተማሪዎች ከሸዋና ከትግራይ ድረስ በእግራቸው ይመጡበት ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የተማሪዎቹ ጽናት ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ተነሥተው በየአገሩ ገዳም ሲመሠርቱ የሄዱበት መንገድ ዛሬም የሚኬድበት መሆኑ ነው። በሐይቁ ዳር ተጠብሶ የሚቀርበው ቆሮሶ ግን እንደ ገዳሙ ጥንታዊ አይደለም፤ ዓሣው በሰው እጅ ወደ ሐይቁ የተጨመረው ባለፈው መቶ ዓመት ውስጥ ነው። ቢሆንም ጣፋጭ ነውና ሳልበላ አላልፍም።

ከሐይቅ በኋላ አገሩ ይለወጣል። እስከዚህ ድረስ ያለው ውሃ፣ እንደ ቦርከናና ሚሌ ያለው፣ ወደ ምሥራቅ ወደ አዋሽ የሚሄድ ነበር፤ የአምባሰልን ተረተር የተሻገረ ሰው ግን በአባይ ተፋሰስ ውስጥ ይገባል፣ ጉዞውንም ሲጨርስ የተከዜን መነሻዎች ይረግጣል። አምባሰል ለሙዚቃ ሰው የቅኝት ስም ነው፤ ለእግረኛ ግን ግድግዳ ነው። የእነዚህ ተራሮች አካል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተራ በተራ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ጠንካራው ንጣፍ ገደል ሆኖ ሲቆም፣ በመካከሉ ያለው ለስላሳው እየተሸረሸረ እርከን ይሠራል፣ ሰውም በእርከኑ ላይ ያርሳል፣ ቤት ይሠራል። ስለዚህ አቀበቱ በአንድ ትንፋሽ አይደለም፦ ገደል፣ ከዚያ ሜዳማ ማሳ፣ ከዚያ ሌላ ገደል። መንገዱ በእርከኑ ላይ ብዙ ርቀት ከተጎተተ በኋላ ገደሉ በተሰነጠቀበት ቦታ በበር ይወጣል፤ በሩን የማያውቅ እንግዳ ቀጥ ብሎ ለመውጣት ቢሞክር መጨረሻው ቆሞ ማየት ብቻ ይሆናል።

ግሸን የእነዚህ አምባዎች ሁሉ ቁንጮ ናት። አናትዋ በመስቀል ቅርጽ የተቀመጠ ነው፤ በዙሪያዋ ሁሉ ገደል ሆኖ መውጫዋ ጠባብ ነው። በዚህም ምክንያት ቤተ ክርስቲያን የጌታ መስቀል ግማድ አርፎባታል ብላ ከምታከብራት በተጨማሪ፣ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ለዘመናት ተይዘውባታል። መስከረም 21 ቀን ለንግሥ የሚወጣው ሕዝብ ከየአቅጣጫው ሲመጣ ማየት ለእግር መንገድ ፍቅር ላለው ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። ሽማግሌዎች በትራቸውን ተደግፈው፣ እናቶች ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ሕፃናት ጭምር በዚያ አቀበት ላይ ተሰልፈው ይወጣሉ፤ የሚወርደው ለሚወጣው «አይዞህ፣ ደርሰሃል» ይለዋል፣ ገና ብዙ ቢቀረውም። ዛሬ መኪና እስከ አምባው ግርጌ ድረስ ይሄዳል። ለደካማና ለአዛውንት መልካም መሆኑን አልክድም፣ ነገር ግን በእግር የመጣ ሰው አምባውን ከሩቅ እያየ፣ በሸለቆ እየጠፋችበትና እየተገለጠችለት የሚቀርብበትን ያን ረጅም ሰዓት መኪናው አይሰጥም።

አሁን ወደ በሽሎ ደረስን። በሽሎ የአባይ ገባር ሲሆን የደላንታን ደጋ ከደቡብ ከከበቡት አገሮች ይለያል፤ ከአንዱ ደጋ አፋፍ ተነሥቶ ወንዙ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከማዶ ያለው አቀበትም እንዲሁ። በአንድ ቀን ውስጥ ከገብስ ማሳ ወደ ማሽላ፣ ከጋቢ ወደ ባዶ ትከሻ፣ ከዚያም መልሶ ወደ ጋቢ ይኬዳል። ጉልበትን የሚገድለው አቀበቱ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ቁልቁለቱ ነው፣ ጠጠሩ ከእግር ሥር እየሸሸ ጉልበትና አውራ ጣት ላይ የሚጥለው ጫና እስከ ማግስቱ ይቆያል። ጫማን ከውስጥ ጣት እንዳይነካ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ መግዛት፣ ዱላም መያዝ ያስፈልጋል። ከዚህ የበለጠው ጉዳይ ግን ሰዓት ነው፦ ከአፋፉ ከንጋት በፊት ተነሥቶ፣ ፀሐይ ሳትከር ወንዙን ተሻግሮ፣ የማዶውን አቀበት ጥላ ሳለ መጀመር። በቆላው ውስጥ ቀትር የያዘው ሰው ውሃውን ጨርሶ በዛፍ ጥላ ሥር መዋል ይገደዳል።

በዚህ ሸለቆ ታሪክንና መንገድን ለይቶ ማየት አይቻልም። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፋቸውን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ በዋድላ አልፈው ዥጣን፣ ከዚያም ደላንታን አቋርጠው በሽሎን ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። እግረኛ በቀናት የሚሄደውን መንገድ ወራት የፈጀባቸው መድፉ ሊያልፍ የሚችልበትን መንገድ በገደሉ ላይ እየደለደሉ ስለሄዱ ነው። የእንግሊዝ ጦርም በኋላቸው የወረደውና የወጣው እርሳቸው ባሠሩት በዚያው መንገድ ነበር፤ ከዚያም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነው ሁሉ ሆነ። መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ። መቅደላ ከዋናው መስመር ወደ ደቡብ ምዕራብ የምትርቅ ቅርንጫፍ ብትሆንም በሽሎ ድረስ የመጣ ሰው ባይተዋት እመክራለሁ፤ መድፉን ከማየት ይልቅ ግን ከአምባው ጫፍ ሆኖ መንገዱን መመልከት የንጉሡን ድካም ይበልጥ ያስረዳል።

ደላንታ ላይ ሲወጡ ሜዳው ያሳርፋል። አፈሩ መረሬ ስለሆነ በዝናብ ጊዜ እግር ይውጣል፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ የበቅሎን ኮቴ ይይዛል። ወገል ጤና በተባለችው ከተማ አጠገብ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሟን ያስጠራ የኦፓል ማዕድን አለ፤ ወጣቶች በገደሉ ወገብ ላይ፣ ያንኑ የእሳተ ገሞራ ንጣፍ ተከትለው ጉድጓድ እየፈለፈሉ ይገባሉ። በገደሉ ጫፍ ላይ የሚሄድ እግረኛ ከሥሩ የዶማ ድምፅ ቢሰማ እንዳይደነግጥ።

ከደላንታ ወደ ዋድላ ለመሻገር ዥጣን መውረድ የግድ ነው። ከበሽሎ ጠበብ ያለ ቢሆንም ጥልቀቱ ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል፤ የበሽሎ ድካም ሳይወጣ ስለሚመጣም ከሁለቱ የሚከብደኝ ይኸኛው ነው። በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ማረፍ ስንፍና አይደለም። በዚህ በኩል የምሽቱን ማደሪያ በሰው ቤት ማድረግ የተለመደ ነው። ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ማለት ይበቃል፤ ውሻው ከተያዘ በኋላ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» የሚል ድምፅ ይመጣል። በአምባሰል በኩል ካደርሁባቸው ቤቶች በአንዱ የቤቱ እናት ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ የእግር ውሃ አሙቀው አቀረቡልኝ፤ «ኧረ አይልፉ እማማ፣ እኔው እታጠባለሁ» ብላቸው «አብሽር ልጄ፣ መንገደኛ ገላ የለውም» ብለው ጎንበስ አሉ። ቀጥሎ ቡና ተወቀጠ። አቦሉ ሲወርድ አባወራው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለመንገደኛውም በየተራ፤ ጎረቤት የመጡት ክርስቲያን ሽማግሌም ከእኛ እኩል «አሚን» ይሉ ነበር። ቶና ሳይጠጡ ለመተኛት መነሣት በዚያ ቤት የሚታሰብ አልነበረም። ገንዘብ ቢሰጧቸው የሚቀበሉ ሰዎች አይደሉም፤ ስኳር፣ ቡና፣ ወይም ለልጆቹ ደብተር ይዞ መግባት የተሻለ ነው፣ እርሱም ቢሆን ስንብት ላይ ለእማወራዋ በእጅ የሚሰጥ እንጂ እንደ ዋጋ የሚቀመጥ መሆን የለበትም።

መቄት ሲደርሱ ግን ማደሪያው ሌላ መልክ ይይዛል። በዚህ ወረዳ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያ ጎጆዎች በገደል አፋፍ ላይ ተሠርተዋል፤ ከቀዳሚዎቹ አንዱ መቋት ማርያም ነው። ተጓዡ የሚከፍለው ለማኅበረሰቡ ነው፣ አስጎብኚውም፣ ምግብ አብሳዩም፣ ባለ አህያውም የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ይህን አሠራር ከላይ ካነሣሁት የአሜሪካው መንገድ የእንጨት መጠለያዎች እመርጣለሁ፦ እዚያ መጠለያው ሰው የሌለበት ጣሪያ ሲሆን እዚህ ግን እሳቱ ዳር የሚያጫውት ሰው አለ። በማለዳ ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል እየወጡ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ይግጣሉ። በአብዛኛው ሣር በመንጨት የሚኖሩ በመሆናቸው ሰውን ብዙም አይሸሹም፤ በሁለት እጃቸው እየተፈራረቁ ሲነጩ የሣሩ መቆረጥ ይሰማል፣ ሰው በቀረበ ጊዜም ቁጭ ባሉበት ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ እንጂ አይነሡም።

ላሊበላን በተመለከተ የተጻፈው ብዙ ስለሆነ አልደግመውም። የእግረኛው ጉዳይ ከከተማዋ በላይ፣ በአሸተን ማርያም በኩል የሚወጣው ዳገት ነው። የገብሱ ማሳ ካለቀ በኋላ አስታ የተባለው ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ጓሳ ሣርና ጅብራ ይመጣል፤ አየሩም ይቀጥናል፣ ሌሊቱን ኮዳ ውስጥ ያለው ውሃ ይበረዳል። ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት የኢትዮጵያ ተራሮች አንዱ አቡነ ዮሴፍ ነው፤ በአገር ውስጥ ያሉት የደረሱ ቀበሮዎች በጠቅላላው 500 እንኳ የማይሞሉ በመሆናቸው ሳያዩ መመለስ ሊያሳዝን አይገባም፣ ጓሳው ውስጥ አይጥ የሚያድኑበትን ጉድጓድና ዱካቸውን ማየትም ይበቃል። ውሻ ይዞ ወደዚያ መውጣት ግን ክልክል ነው ብሎ ለራሱ ሕግ ማውጣት የእያንዳንዱ ተጓዥ ድርሻ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀበሮዎቹ የሚተላለፈው ከቤት ውሻ ነውና። በተራራው አቅራቢያ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ረድፍ የታነጸውን ይምርሐነ ክርስቶስን፣ በዙሪያው ያለውንም የጽድ ደን ማየት ለጨረሰ ሰው ጉዞው በጽድ ተጀምሮ በጽድ ያልቃል ማለት ነው።

ስለ ወቅቱ፦ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ በሽሎን በእግር ለመሻገር ማሰብ አይገባም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ውርጭ ያስቸግራል፣ ነገር ግን ሰማዩ የጠራ፣ ወንዙ የጎደለ፣ ገብሱም የደረሰ ነው። ከየካቲት ወዲህ የበልግ ዝናብ ስለሚመጣ የደላንታን መረሬ በዚያን ጊዜ መሄድ አድካሚ ነው። በቅሎ የሚከራይ ሰው ለሙሉው መንገድ አንድ ባለ በቅሎ ከመያዝ ይልቅ ከበሽሎ በፊትና ከበሽሎ በኋላ ከፍሎ መከራየት አለበት፤ ባለ በቅሎው ከወንዙ ወዲያ አገሩን አያውቀውም፣ ሣርም በዋጋ ይገዛል። ወሎ ባለፉት ዓመታት ጦርነት ያለፈበት አገር በመሆኑም፣ ከመነሣት በፊት የየወረዳውን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ጠይቆ መረዳት፣ መታወቂያ መያዝ፣ በደረሱበት ቀበሌም መታየት የመንገዱ ሥርዓት አካል ነው።

ቦረና ሳይንትን፣ የደንቆሮን ጫካና በዚያ የሚኖሩትን ቀይ ቀበሮዎችና የምኒልክ ድኩላዎች፣ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ከዚህ መስመር ወደ ምዕራብ ርቆ፣ ከበሽሎ በስተ ደቡብ ስለሚገኝ በራሱ ወቅትና በራሱ ስንቅ የሚኬድ ሌላ ጉዞ ነው።